ማዘርቦርዴን የዳርኩ ሰሞን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ሶዶ ላይ የክረምቱ ዝናብ ሊገባ ሲያጉረመርም ነው። ብዙ ነገር ይረሳኛል፤ ይህን ግን ልርሳው ብልም አልችልም። ዛሬም መድኃኒት እያደልኩ አንድ ሰው «ይስማማኛል ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሳቄ ይመጣብኛል። ታካሚው በሕመሙ የሳቅኩ እየመሰለው ይቀየመኛል።

ፋርማሲስት ነኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ስሆን በሥራ ተመድቤ ሶዶ ከመጣሁ ሰነባብቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ያሬድ ከእናታችን ጋር እዚያው ቀርቷል። ልጆች ሳለን እኔና እሱ ጌም ቤት ተጥደን እየዋልን፣ ማታ በአንድ ላይ እየተገረፍን ነው ያደግነው። ከተራራቅን በኋላ ግን ስልካችን «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ብቻ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን፣ ትንሽ ኔትወርኩን እናማለን፣ እንዘጋለን። ወንድሜ በሕይወት እያለ እየጠፋብኝ መሰለኝ፤ ይህ ደግሞ ከልቤ ያሳስበኝ ነበር።

አንድ ቀን ያሬድ «ጌም የሚችል ኮምፒውተር ቢኖርሽ እኮ እንደ ድሮው እንጫወት ነበር» አለኝ። በቃ፣ ሐሳቡ ያዘኝ። ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው «ለየትኛው ልጅሽ ነው?» አሉኝ። ልጅ የለኝም። «ለራሴ ነው» ስላቸው አፋቸው ዝም አለ፤ አስተያየታቸው ግን ዝም አላለም።

ተገጣጥሞ ያለቀውን መግዛት አቅሜ ስላልሆነ ክፍል ክፍሉን ማሰባሰብ ያዝኩ። ማቀፊያ ሳጥኑን፣ ኬዙን፣ ከተማ ከሚለቅ ጎረቤት ገዛሁ። ክፍሉ ሁሉ የሚሰካበትን ማዘርቦርድ መናኸሪያ አካባቢ ካለ የኮምፒውተር ሱቅ ገዛሁ። ያሬድ የጌሙን ምስል የሚያወጣውን የድሮ ካርዱን በሰው ላከልኝና በየቀኑ «ተገጠመ?» እያለ ይደውል ጀመር። እሱ ራሱ ሲደውል ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! የቀረኝ የኮምፒውተሩ አንጎል የሚባለው ፕሮሰሰር ነበር፤ እሱ ደግሞ ሶዶ አልተገኘም።

በዚያው ሳምንት አከራዬ ጋሽ አንጁሎ ለዘመድ ምርቃት አዲስ አበባ ሊሄዱ ሆነና ፕሮሰሰሩን እንዲገዙልኝ ለመንኳቸው። ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሰፈራችን ያለ እሳቸው ሽምግልና የተዳረች ልጅ የለችም ማለት ይቻላል። በሚገባቸው ቋንቋ ላስረዳ ብዬ «ጋሼ፣ ማዘርቦርዷ ሙሽሪት ናት፣ ፕሮሰሰሩ ሙሽራው ነው። ከመግዛትዎ በፊት ጎሳቸውን ይጠይቁልኝ፤ ጎሳው ካልሆነ አይጋቡም» አልኳቸው። ጎሳ ያልኩት የሠራቸውን ኩባንያ ነበር።

«ማዘር ከሆነች ድሮ አግብታለች ማለት አይደል?» አሉኝ ኮስተር ብለው።

«ስሟ ነው እንጂ ገና ናት።»

«የጎሳን ነገር ለእኔ ተወው ልጄ» አሉ። ጋሽ አንጁሎ አማርኛ ሲያወሩ ወንድና ሴት እምብዛም አይለዩም፤ እኔም አንተ መባሉን ለምጄዋለሁ። የማዘርቦርዱን ካርቶን በስልካቸው ፎቶ አንስተው ሄዱ።

ዕቃው መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ከፍቼ ሳየው ፕሮሰሰሩ ከሥሩ እንደ ብሩሽ የተደረደረ እግር አለው። ማዘርቦርዴም መግጠሚያዋ ላይ የራሷ እግር አላት። እግር ለእግር! አንድም ቀዳዳ ያለው ወገን የለም። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ጋሽ አንጁሎ በረንዳ ላይ ተቀምጠው «እሺ፣ ተጋቡ?» አሉኝ።

«አልተጋቡም ጋሼ። ጎሳቸውን አልጠየቁም እንዴ?»

«እንዴት አልጠይቅም? ሻጩ መጀመሪያ ‹ይህ ከእሷ ጋር አንድ ነው› ብሎ የዚያኑ ኩባንያ ሊሰጠኝ ነበር። ተቆጣሁት። ‹እህትና ወንድም ልታጋባ ነው?› አልኩት። የሌላ ጎሳ እስኪያመጣ ከሱቁ አልወጣሁም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በወላይታ የአንድ ጎሳ ልጆች እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። ሽማግሌ ጎሳ የሚጠይቀው የተለያየ መሆኑን ሊያረጋግጥ ነው። እኔ የፈለግሁት ደግሞ ተቃራኒውን። ይህን ሳስረዳቸው ጋሽ አንጁሎ በጣም ደነገጡ፤ የደነገጡት ግን በስህተቱ አልነበረም።

«ዘመድ ከዘመድ? ምን ዓይነት ዕቃ ነው ይሄ?» አሉ።

ሳቅኩ፣ ሳቅኩና እንባዬ መጣ። ስልኬ ይጠራ ነበር፤ ያሬድ ነው። አላነሳሁም። እንዲህ በነገር ላይ ነገር ሲጨመር ይሰለችና ወደ ዝምታችን እንመለሳለን ብዬ ፈራሁ። ጋሽ አንጁሎ ፊቴን አይተው ኮታቸውን ለበሱ። «ማዘሯን ያዝ፣ እንሂድ» አሉኝ። ፕሮሰሰሩንም ሌላውንም ክፍል ከነኬዙ ይዤ ተከተልኳቸው።

ማዘርቦርዱን የሸጠልኝ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። ባለሱቁ ፎቶኮፒ እያነሳ ወንበር አሳየን። ጋሽ አንጁሎ ግን እንደ ሽማግሌ ወጉ «ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ታሪኩን፣ የወንድሜን መጠበቅ ሳይቀር፣ ሲነግሩት ፎቶኮፒ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወረቀቱን ረስቶ ያዳምጥ ጀመር።

ባለሱቁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ለዚህ ፕሮሰሰር የሚሆን ቦርድ አንድ አለኝ። ግን ዲምቱ ከተማ ላለ ሰው ቃል ገብቼበታለሁ» አለ።

ጋሽ አንጁሎ በወላይትኛ አንድ ነገር ጠየቁት። መለሰላቸው። ከዚያ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ጎሳውን ጠይቀውት ነው፤ አንድ ሆኑ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «አባቴ» እንጂ ሌላ ስም አልጠራቸውም።

ስልኩን አውጥቶ ዲምቱ ደወለና ድምፁን ለሁላችን ከፈተው። ከዚያ ወገን ያለው ሰው ታሪኩን ሰምቶ ለረጅም ጊዜ ሳቀ። ስሙን እንኳ አላውቀውም።

«ትውሰደው» አለ በመጨረሻ። «እኔ የምጫወተው ብቻዬን ነው። የሚጠብቃት ወንድም ያላት እሷ ናት።»

ጋሽ አንጁሎ ያኔ ተቀመጡ። ባለሱቁ ቦርዱን ለውጦ እዚያው ገጠመልኝ። ማራገቢያው ሲዞርና መብራቱ ሲበራ፣ ጋሽ አንጁሎ ብድግ ብለው፣ የጎሳውን ነገር እንዳልወደዱት ፊታቸው ላይ እየታየ፣ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው ኮምፒውተሩን መረቁት።

በማግስቱ እኔና ያሬድ በኢንተርኔት እየተነጋገርን የኮምፒውተር እግር ኳስ ተጫወትን። ጨዋታው መሃል ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ «አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል» አለኝ። በስልክ አንድም ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እጄ ቆመ። የምመልሰውን ስፈልግ ግብ አገባብኝ።

ዛሬም እንጫወታለን። ብዙ ጊዜ እሸነፋለሁ፣ እናደዳለሁም። ያቺን ግብ ግን እስካሁን እወዳታለሁ።