አያ ደሴ ያወጡት ፈሰስ

ባለፈው ሐሙስ ከምሠራበት ክሊኒክ ወጥቼ በኢትዮጵያ ጎዳና ስወርድ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ያዘኝ። ጥላ አልያዝኩም፤ በዚህ ከተማ የመጀመሪያውን ዝናብ አምኖ ጥላ የሚይዝ ሰው የለም። መንገዱ ዳር ካለው የቤተ ክርስቲያን ግንብ ሥር ተጠግቼ ቆምኩ። በጋውን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ የከረመ ድንጋይ ሲርስ የሚያወጣው ሽታ ከጥዱ ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ሞላው። ውሃው በመንገዱ ዳር ወርዶ፣ የተከመረ የጥድ ቅጠል ሲያግደው፣ ወደ አንድ ቤት ደጃፍ መዞር ጀመረ። ሳላስበው እግሬ ተነሣ። በጫማዬ ተረከዝ ቅጠሉን ሰንጥቄ መሄጃ አበጀሁለት። አንድ ሽማግሌ በመስኮት ብቅ ብለው "ቶዳ!" አሉኝ። ምስጋናው የሚገባው ግን ለአያ ደሴ ነበር።

አያ ደሴ ከእኛ በታች፣ ምድር ቤት የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ጎንደር አርሰው የኖሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ ግን ታልፒዮት በሚባለው ሰፈር የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። ጀርባው ላይ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ያለበት ሰማያዊ ጃኬትና የጎማ ቦቲ ከላያቸው አይጠፋም። አንገታቸው ላይ በጫማ ማሰሪያ ያንጠለጠሏት ባለ ቁልፍ ስልክ ነበረቻቸው። ስትጮህ ሳይከፍቷት "ሃሎ! ሃሎ!" ይሉና ዝም ስትል ይቀየሟታል።

ሕንፃችን ከተማው አልቆ ጫካው ከሚጀምርበት ላይ ነው የቆመው። ከጀርባው አንዲት የእግር መንገድ በጥዱ መሃል ወርዳ፣ አሮጌ የድንጋይ እርከኖችን አቋርጣ፣ በለስ ሥር ያለች ምንጭ ዘንድ ታደርሳለች። ተጓዥ እንዳይጠፋ በየድንጋዩ ላይ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። እንደ አያ ደሴ ከአገር ቤት ለመጡት የሕንፃችን እናቶች ያቺ መንገድ ብቸኛ መውጫቸው ነበረች። አውቶቡሱ ግራ ያጋባቸዋል፣ ገበያው ያዞራቸዋል፤ ምንጯ ዳር ሲቀመጡ ግን ድምፃቸው እንኳ ይለወጥ ነበር።

መንገዷን የሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። አያ ደሴ አንድ ዓርብ ጠዋት ከሥራ ሲመለሱ አገኟቸው። ሰው ሲቆፍር ቆሞ ማየት ስለማይሆንላቸው ትርፍ ዶማ አንሥተው ገቡበት። የጠራቸው የለም፣ የከለከላቸውም የለም። ጎረቤቱ "ዘበኝነቱ አንሷቸው ዱር መጥረግ ጀመሩ" እያለ ሲያሾፍባቸው፣ "እናንተስ በየት ልታልፉ ኖሯል?" ብለው ይሄዳሉ።

ችግሩ፣ ዕብራይስጣቸው ከ"ሻሎም" እና ከ"ቶዳ" አያልፍም። እናቴ "አንቺ ምላስ ሁኚላቸው" ብላ እኔን መደበችኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የሰፈራችን ልጅ ሁሉ አስተርጓሚ ነው፤ በባንክ፣ በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤትም ስለ ራሱ ጥፋት የሚያስተረጉመው እሱው ነው። እኔም መምህሬ ስለ ጠባዬ የምትለውን ለእናቴ አሳምሬ ማስተላለፍ ልማዴ ነበር።

የበጎ ፈቃደኞቹ መሪ ጊዲ የሚባል፣ በብርድም ሰንደል ጫማውን የማያወልቅ ቀጭን ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ሳይገባ ገደላማው ቦታ ላይ የድንጋይ ደረጃ ሠሩ። አያ ደሴ ድንጋዩን በትከሻቸው ሲያመላልሱ ሰነበቱ። ሥራው ያለቀ ዕለት ከደረጃው በላይ ወጥተው ተዳፋቱን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ መንገዱን አግድም የሚያቋርጥ ዘመም ያለ መስመር በተረከዛቸው አሰመሩ።

"ልጄ፣ እስቲ ንገሪልኝ። ደረጃው እጃችሁ ይባረክ የሚያሰኝ ነው። ግን ውሃው መሄጃ የለውም። እዚህ ጋ ፈሰስ ይውጣለት። አለዚያ ጎርፉ ጠራርጎት ይሄዳል።"

ፈሰስ ገበሬ ዝናቡ አፈሩን እንዳይወስድበት በእርሻው ላይ አግድም የሚያወጣው ቦይ ነው። ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። እኔ ያየሁት ከክፍሌ የመጡትን ሁለት ልጆች ነው። አያ ደሴ ጎንበስ ብለው፣ የሌለ እርፍ ጨብጠው፣ የሌሉ በሬዎች እየነዱ ሲያሳዩ ልጆቹ በክርናቸው ተጎሻሸሙና ሳቁ። ፊቴ ጋለ። ጊዲ "ምን እያሉ ነው?" አለኝ።

"ደረጃው በጣም ያምራል ይላሉ" አልኩት።

ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር። ጊዲ ደስ ብሎት እጃቸውን ጨብጦ ነቀነቀና ዶማና አካፋውን ወደ መኪናው መጫን ጀመረ። አያ ደሴ ካሰመሩት መስመር አጠገብ ቆመው ጠበቁ። የሚመጣ ሲጠፋ ጃኬታቸውን አራገፉ። "ይሁን፣ ባለቤቶቹ ያውቃሉ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ሲመጣ ከቤታቸው አልወጡም።

በታኅሣሥ፣ በአይሁድ የሐኑካ በዓል ሰሞን ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ደረጃው ከነጭቃው ወርዶ ምንጯ አጠገብ ተከመረ። መንገዷ ተዘጋች። ጊዲ እስከ ፋሲካ ካልተስተካከለች ከእግር ተጓዦች ካርታ ላይ ልትሰረዝ መሆኑን ነገረን፤ ለእናቶቹ ያስተረጎምኩትም እኔ ነኝ። ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ተደርድረው ሳያቸው አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት የአያ ደሴን በር አንኳኳሁ። የተቀደደ ቦቲያቸውን በጎማ እየለጠፉ ነበር።

"አያ ደሴ፣ ያን ቀን አልነገርኩትም።"

"ምኑን?"

"የፈሰሱን ነገር። ያምራል ያሉትን ብቻ ነው የነገርኩት። ልጆቹ ሲስቁብዎ አፍሬ..."

ቁጣ ጠበቅሁ። እሳቸው ቦቲውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

"ታዲያ እምቢ አላሉኝማ!" አሉ። "እኔ እኮ ሰምተው የናቁኝ መስሎኝ ነው። አልሰሙማ!"

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ፊታቸው ይስቅ ነበር። እኔ ግን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ጃኬታቸውን ከሚስማሩ ላይ እያወረዱ፣ "በይ ተይ። ዓርብ እንሄዳለን። አሁን ግን ሙሉውን ትናገሪያለሽ። የምታፍሪም ከሆነ እያፈርሽ ተናገሪ" አሉኝ።

ዓርብ ደረሰ። ለፈሰስ የሚሆን የዕብራይስጥ ቃል ስላልነበረኝ እንደሳቸው በተረከዜ ጭቃው ላይ አሰመርኩ። ከሳቂዎቹ አንዷ እዚያው ነበረች፤ ሳቀችም አልሳቀችም አላየኋትም። ጊዲ ቁጢጥ ብሎ ከመስመሩ በላይ የመጠጫ ውሃውን አፈሰሰ። ውሃው ወርዶ መስመሩን ሲያገኝ ታጥፎ ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ጊዲ ቀና ብሎ አያ ደሴን አያቸው፤ ከዚያ ትርፉን ሳይሆን የራሱን ዶማ ሰጣቸውና "ከየት እንጀምር?" አለ። ያን ቀን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስተረጎምኩ። ከፋሲካ በፊት መንገዷ ተከፈተች። በኋላ የጣለውም ዝናብ አልነካት። እናቶቹ ወደ ምንጯ ሲወርዱ አያ ደሴ ከፊት ሆነው፣ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት እንጂ የትናንት ሥራ የማይመስል ኩራት ይዘው ነበር።

አያ ደሴ ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። እኔ ዛሬም አስተርጓሚ ነኝ፤ በክሊኒኩ። አሮጊቶቹ ነገራቸውን ከሥሩ ሲጀምሩ ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ "ባጭሩ ምን አሉ?" ይለኛል። "ባጭሩ አልተናገሩም" እለውና ሙሉውን እነግረዋለሁ።

ዝናቡ የጣለ ማግሥት ዓርብ ስለነበር ዶማዬን ይዤ ወደ ምንጯ መንገድ ወረድኩ። ጊዲ አርጅቷል፤ ሰንደሉ ግን ያው ነው። አንዲት አዲስ በጎ ፈቃደኛ "ይህ ምን ይባላል?" ብላ ስትጠይቀው ሰማሁ።

"ፈሰስ" አላት። "ደሴ ነው ያስተማረን።"

ቅጠሉን ጠርጌ ቀና ስል ካፊያ ጀምሮ ነበር። ውሃው ከላይ መጣ፣ ፈሰሱን ሲያገኝ ታጠፈና ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ደረጃው እንዳለ ነው።