ስድስት ጀሪካን የምትሸከመው ፍየል

ዛሬ ጠዋት ግመል አርቢው ሽማግሌ ምዜ ጉዮ ከጎልቦ ድረስ በቦዳቦዳ ሞተር ተሳፍረው መጥተው ስልካቸውን ፊቴ ላይ ደቀኑና፣ «ግመሌን ፍየል ያደረግካት አንተ ነህ?» አሉኝ።

የከብት መሸጫ ድረ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መካድ አይቻልም።

ከፎቶው ሥር «ስድስት ጀሪካን ውሃ ትሸከማለች» ይላል። ፎቶው ላይ ያለችው ግን የቡቲዬ ሰፈሯ የሐሊማ ፍየል ናት። ከድንበሩ ማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል ያሉ ነጋዴዎች ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ለምዜ ጉዮ እየደወሉ «ጀሪካኑን የምትሸከመው በጀርባዋ ነው በቀንዷ?» ሲሏቸው አርፍደዋል።

ለፎቶዎቹ የፋይል ስም የምሰጠው በገቡበት ሰከንድ ነበር። በአንድ ሰከንድ ሁለት ሰው አይልክም ብዬ።

የእኛን ኔትወርክ ረስቼ ነው። ጠፍቶ ይውልና ሲመለስ የሁሉም ሰው ፎቶ ባንዴ ይገባል። ፍየሏ የግመሏን ስም ይዛ ስትመጣ ኮዴ ግመሏን አጥፍቶ ፍየሏን አስቀመጠ።

«አሁን ስሙን ረጅም የዘፈቀደ ፊደልና ቁጥር አደርገዋለሁ፣ አይገጣጠምም» አልኳቸው።

«ቢገጣጠምስ?»

ትናንትም አይገጣጠምም ነበር ያልኩት።

«ልጄ፣ ሰው ቤት ስትገባ ሰው አለ ወይ ብለህ አትጠይቅም?»

ስንት ዓመት ተምሬ ይህን የነገሩኝ ግመል አርቢ ናቸው። አሁን ኮዴ ስሙ ከተያዘ ሌላ ስም ይፈልጋል እንጂ የነበረውን አይነካም፤ የግመሏንም ፎቶ ከስልካቸው ወስጄ መለስኩ።

የናንተስ ኮድ የማንን ንብረት ምን አድርጎ ያውቃል? ንገሩኝና ልጽናና። ምዜ ጉዮ አሁን ደውለው፣ ግመሏ ከተመለሰች ወዲህ የሚደውል ስለጠፋ ፍየሏን መልሳት እያሉኝ ነው።