ከአባቴ ጋር የበላነው የጃፓን ምሳ

አባቴ በወጣትነታቸው ለስድስት ወር ስልጠና ጃፓን ተልከው ነበር። የስልክ መስመር ባለሙያ ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ እኛ ቤት የገባው ወሬ ግን ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ አንድ ምሳ ነው፤ ጫማ አውልቀው፣ ወለል ላይ ተቀምጠው ስለበሉት የተጠበሰ ዓሣና ሩዝ። ዓሣ በቀረበ ቁጥር እንሰማዋለን። እናቴ፣ "አብሬው የበላሁ እስኪመስለኝ ድረስ ሰማሁት" ትል ነበር።

እናቴ ባረፈች በዓመቱ አባቴ ሊጠይቁኝ ቶሮንቶ መጡ። ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ባለችኝ ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርታማ አልጋዬን ለቅቄላቸው ሶፋ ላይ እተኛ ነበር። ከሥራ ስመለስ ያገኘሁትን ሠርቼ አቀርባለሁ፤ እሳቸውም በልተው፣ "እጅሽ ይባረክ" ይሉኛል። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ኦፍ ስለነበርኩ ከተማውን ላሳያቸው ወጣን። የጃፓን ባህላዊ ምግብ ቤትም አስቀድሜ ቡክ አድርጌ ነበር።

ቀኑ ከጠዋቱ አልቀናንም። ከተማው የሚታወቅበት ረጅሙ ታወር ላይ ስንወጣ ከጭጋግ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ሐይቁ ዳር ነፋሱ ስላስቸገራቸው ብዙም ሳንቆይ ተመለስን። ምግብ ቤቱ በር ላይ ጫማችንን አወለቅን። የአባቴ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር። እናቴ ብትኖር በዚያ ካልሲ ከቤት አታስወጣቸውም። ጠረጴዛው ዝቅ ያለ፣ መቀመጫውም ወለል ላይ ነው። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላለ ብብታቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው፤ እግራቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ተደገፉ።

አስተናጋጇ ስትመጣ አባቴ ቀና አሉና በጃፓንኛ ሰላምታ ሰጧት። ስንት ዓመት ይዘውት እንደኖሩ እንጃ። ልጅቷ ደነገጠች፤ ጃፓናዊ እንዳልሆነች፣ ከማኒላ ለትምህርት እንደመጣች በእንግሊዝኛ ነገረችን፤ ይቅርታም ጠየቀች። አባቴ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዓሣው ደርቋል፣ ሩዙ ቀዝቅዟል፣ ሾርባው ጨው ብቻ ነው። አባቴ አንዷን ጉርሻ ለረጅም ጊዜ ሲያላምጡ ሳይ ንዴቴ መጣ። ኃላፊውን ጠርቼ ኮምፕሌይን ላደርግ ስነሳ እጄን ያዙኝ።

"ተዪው ልጄ። ምግቡ አይደለም" አሉኝ። "እናትሽ ካረፈች ወዲህ ምንም ነገር አይጣፍጠኝም። ይኼ እንኳ ይጣፍጠኝ ይሆናል ብዬ ነበር።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ። በየማታው ሲመርቁኝ ደስ እያለኝ ሳህን አጥብ የነበረው ትዝ አለኝ። አስተናጋጇ ለምን እንዳልበሉ እንዳትጠይቃቸው የእሳቸውን ዓሣ ወደ ራሴ ሳብኩና ጨረስኩት። ስንወጣ ተንበርክኬ የጫማቸውን ማሰሪያ አሰርኩላቸው። አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ሐኪም ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። በምርመራው የተገኘ ነገር የለም። ሐኪሙ ሐዘን እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል፣ ጊዜም እንደሚፈልግ ነገረን። አባቴ እንደ ትንሽ ልጅ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዳመጡት። ወር ሲሞላቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እሑድ እሑድ ስደውል የበሉትን ይነግሩኛል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎረቤት የላከችላቸውን ቂንጬ። ጣፈጠዎት ወይ ብዬ ግን እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።