ዝገት አይደለም

ብር አይዝግም። የሚዝገው ብረት ነው። ይህን ስናገር ዕድሜዬ አለቀ፤ የሚሰማኝ ግን የለም። ብር ሲያረጅ ቀለም ያወጣል። አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ነገር የተለየ ቃል አላበጀለትም፤ የጠቆረውንም፣ የወየበውንም፣ የተበላውንም አንድ ጆንያ ውስጥ ከትቶ «ዛገ» ይለዋል። ሞጆ ደረቅ ወደብ አብረውኝ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽሙት ትራንዚተሮች በዚህ የተነሳ «ቆራሌው» ይሉኛል። ጠዋት ከአዳማ ደርሼ ቢሮ ስገባ አንዱ ቀድሞ «ዛሬስ ምን ቆርቆሮ አገኘህ?» ይላል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን አብሬያቸው እስቅ ነበር። አሁን ያናድደኛል፤ አልደብቅም።

የምሰበስበው አሮጌ የብር ሳንቲም ነው፤ ጠገራ ብር፣ አላድ የሚባለው ግማሽ ብር፣ ከተገኘም የጃንሆይ ዘመን ሃምሳ ሳንቲም። የሚያብለጨልጭ ከሆነ አልነካውም። እኔ የምፈልገው በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ሥር ዓመታት ያሳለፈውን ነው። እንዲህ ያለው ሳንቲም ቀለም የሚያወጣው ከጠርዙ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ የማር ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ይቀላል፣ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ሰማያዊው ይመጣል። ይዛችሁት ወደ መስኮት ዘንበል ስታደርጉት ቀለሙ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ክረምት ላይ ከባድ መኪና ከቆመበት አስፋልት ላይ ናፍጣ ጠብ ብሎ ዝናብ ሲያገኘው አይታችሁ ከሆነ፣ እሱን ነው የሚመስለው። የናፍጣው በደቂቃ ይመጣል፤ የብሩ ግን ሰው ተወልዶ እስኪዳር ይፈጃል። የት እንደተቀመጠ፣ በምን እንደተጠቀለለ፣ ምን ያህል እንደተረሳ ፊቱ ላይ ታነቡታላችሁ። ሁለት ሳንቲም አንድ ዓይነት ሆኖ አይቼ አላውቅም።

አንዴ ሻሸመኔ ገበያ አንድ ነጋዴ ከሮዝ እስከ ሰማያዊ ያጌጠ ጠገራ ብር ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ገና ሳየው ነቃሁበት። ቀለሙ ከጠርዝ አልጀመረም፤ መሃል ላይ ዝም ብሎ ተደፍቷል። አፍንጫዬ ጋ ሳስጠጋው የተቀቀለ እንቁላል ሸተተኝ። ትኩስ እንቁላል ይፈልጡና ከሳንቲሙ ጋር ፌስታል ውስጥ ያፍኑታል፤ በማግስቱ የጥንት ዕቃ ሆኖ ይወጣል። «ይሄ እኮ ቁርስ ነው» አልኩት። ዓይኑን በጨው አጥቦ «የአያቴ ነው» አለኝ። ቱግ አልኩ፤ ሰው እስኪሰበሰብ ጮህኩበት። ሊገላግሉ የመጡት ሰዎች ሳንቲሙን ተቀባብለው አዩና «አምሮ የለ እንዴ፣ ምን ያስጮኻል?» ብለው በእኔው ላይ ፈረዱ።

እንዲህ ዓይነት ሰው ያደረገኝ የእናቴ ብር ነው። እናቴ ከወሎ መጥታ ደራ የከተመች የእህል ነጋዴ ነበረች። ባንክ አታምንም፤ ባንኳ መቀነቷ ነበር። በአንደኛው ጫፍ የዕለት ገንዘቧን፣ በሌላኛው ጫፍ ከእናቷ የወረሰችውን አንድ ጠገራ ብር ትቋጥራለች። ቋጠሮዋ የራሷ ነበር፤ ጠምዝዛ ጠምዝዛ ጫፉን ወደ ውስጥ ትቀብረዋለች፣ ሌላ ሰው በጥርሱም አይፈታው። ያ ብር ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚያልፍ ነው። አናቱ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶለታል፤ ሴት ልጅ ስትዳር አንገቷ ላይ ታደርገዋለች። እናቴ ስትሞት ለታላቅ እህቴ የሆነውም ለዚህ ነው። ደራ ከእናቴ ጋር የኖረችውም እሷ ነበረች።

እህቴ ቋጠሮውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትፈታው አጠገቧ ነበርኩ። ብሩ ከጨርቁ ሲወጣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዙሪያውን ሰማያዊ ነው፣ ወደ ውስጥ ወይን ጠጅ፣ ብሩ ላይ ያለችው ወፍራም ንግሥት ጉንጭ ላይ ሲደርስ የማር ቢጫ። ጨርቁ የታጠፈበት ቦታ ደግሞ ነጭ መስመር ሆኖ ቀርቷል፤ መስመሮቹ ሁሉ ተሰብስበው አናቱ ላይ፣ ቋጠሮው በነበረበት በኩል፣ ይገናኛሉ። የእናቴ አተሳሰር ብሩ ላይ ታትሞ ነበር። ከፎቶግራፏ የቀረልን አንድ የመታወቂያ ጉርድ ብቻ ነው፤ እሱም እጇን አያሳይም። መቀነቷም አርጅቶ ተጣለ። እጇን የማየው በዚያ ብር ላይ ነበር። ደራ በሄድኩ ቁጥር «እትዬ፣ እስቲ አውጪልኝ» እላታለሁ፤ በጠርዙ ይዤ ጥቂት አየውና እመልስላታለሁ።

የእህቴ ልጅ ልትዳር መሆኑን ስሰማ ቀድሜ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ብሩን እንዳለ ታድርገው። እንዳትነኩት።»

«እሺ» አለችኝ።

የእህቴ እሺ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እሺ ነው፤ ሌላው «ሥራ ላይ ነኝ፣ ስልኩን ዝጋልኝ» ነው። የተነገረኝ ሁለተኛው እንደነበር የገባኝ በሰርጉ ዋዜማ፣ በሂናው ቀን ነው።

ግቢው ድንኳን ተጥሎበታል፤ ጎረቤቱ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» እየተባባለ ሰላምታ ይለዋወጣል። ሙሽሪት ከሴቶቹ መሃል ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አጎቴ፣ ማሻአላህ በለኝ!» ብላ ደረቷን አሳየችኝ። ብሩ ተንጠልጥሏል። ነጭ ነው። ዛሬ ከሱቅ የተገዛ የሻይ ማንኪያ ይመስላል።

እሳት ለበስኩ፣ እሳት ጎረስኩ። ልጅቷን ምንም ሳልል ትቻት ወደ ጓዳ ገባሁ። እህቴ ሽንኩርት ከሚከትፉት ሴቶች ጋር ተቀምጣለች።

«ማነው ያጠበው?»

«እኔ ነኛ! በሎሚና በአመድ። ስፈትገው ስፈትገው ክንዴ ዛለ» አለች። ምስጋና ነበር የጠበቀችው።

«እንዳትነኪው አላልኩሽም?»

«ታዲያ የእናታችን ብር ዝጎ ሰው ፊት ይቅረብ? አማቶቿ ምን ይሉናል? ብር ማጠብ የማያውቁ ዝርክርኮች አይሉንም?»

«ዝገት አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ መክተፋቸውን ገታ አደረጉ። «ዝገት አይደለም! የእማዬ ቋጠሮ ነበረበት፣ የእጇ ምልክት ነበረበት! በአንድ ሎሚ አጥበሽ ደፋሽው!»

አንዲት ባልቴት «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ልጄ፣ ሰርግ ቤት ነው» አሉኝ። እሳቸውንም ልቆጣ ምንም አልቀረኝም። ሰው ሁሉ ለምን የማይገባውን ነገር ይፈትጋል? ለምንድነው አሮጌ ነገር እንደ ዕድሜው ሆኖ እንዲቀመጥ የማይፈቀድለት?

እህቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ድምጿን አላነሳችም፤ እሱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

«እማዬ ራሷ በየዒዱ በሎሚና በአመድ ታጥበው ነበር» አለችኝ። «አመዱን የማቀርብላት እኔ ነበርኩ። ያኔ ልክ እንደዛሬው ነጭ ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። ብር የሚታጠበው ጓዳ ነው፤ ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ያደርጋል ተብዬ ነው ያደግሁት።

«ቀለም የምትለው የመጣው አልጋ ከያዘች በኋላ ነው» አለች እህቴ። «መቀነቴን አትፍቱብኝ አለች። ቀንም ሌትም ወገቧ ላይ ነበር። ላቧን ጠጣ፣ ሽንቷን ጠጣ። ገላዋን ሳጥባት፣ ልብሷን ስለውጥላት፣ እሱን ብቻ አታስነካኝም። ያ ሰማያዊህ ምን እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ስትመጣ ንጹሕ ነበረች አይደል?»

ንጹሕ ነበረች። ሁልጊዜም ንጹሕ ነበረች፤ ሻሿ ነጭ፣ አንሶላዋ ሳሙና ሳሙና የሚሸት።

«እኔ አጥቤያት ነው። ያላጠብኩላት ብሯን ብቻ ነበር። ልጄ ያንን አልጋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አትዳርም።»

ሽንኩርቱ መከተፉን ቀጠለ። ላብና ሽንት ብርን ቶሎ እንደሚያቀልሙት ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ የብዙ ዘመን ነው ስል የኖርኩት ቀለም የጥቂት ክፉ ዓመታት ነበር። ይህን ማወቅ ግን ንዴት አያበርድም። እሷ እውነቷን ብትሆንም የተወሰደብኝ ነገር አልተመለሰልኝም። የሰርጉን ዕለት ሙሉ ከእህቴ ጋር በዓይን ብቻ ተነጋገርን፤ ሙሽሪትን መረቅኋት፣ ነጩን ብር እያየሁ በላሁ፣ እያየሁም አኮረፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አዳማ ልሄድ ስነሳ እህቴ በር ላይ ጠራችኝ። ሙሽሪት ከመሄዷ በፊት ከአንገቷ ያወለቀችውን ብር ይዛለች። ከራሷ አሮጌ መቀነት ጫፉን ቀደደች፣ ብሩን መሃሉ ላይ አስቀመጠች፣ ጠመዘዘችው፣ ደግማ ጠመዘዘችው፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ቀበረችው። የእማዬን ቋጠሮ። እንደምትችለው አላውቅም ነበር።

«እንካ» አለችኝ። «ሙሽሪት ሴት ልጅ ወልዳ እስክትድር አንተ ጋ ይቀመጥ። እንግዲህ ይዛግልህ።»

አሁን ቤቴ ነው፣ ደረቅ ሳጥን ውስጥ። ላብ የለ፣ በሽተኛ የለ፣ ስለዚህ ሰማያዊው ቢመጣም ቀስ ብሎ ነው፤ እኔ ደግሞ ጡረታዬ ደርሷል፣ አልደርስበትም። ቂም ይቋጠራል ይባላል፤ የእኔም እንደተቋጠረ ነው። እህቴ ለዒድ ስንገናኝ ልታበሽቀኝ «ዛገልህ?» ትለኛለች። አላውቅም እላታለሁ። ላየው እየፈለግሁ አልፈታሁትም፤ ከፈታሁት መልሼ መቋጠር አልችልበትም።