ፀሐይ ጣራ ላይ እያለች

ሞይራ ኤልዛቤት ወደሚባለው ሰፈር የገባችው በልጅነቷ ነው። ከስኮትላንድ በመርከብ ሲያመጧት ምግቡ አልጣፈጠኝም ብላ ወጥ ቤቱን ተጣልታለች ይባላል፤ እኔ አምናለሁ። ምላሷ አርፎ አያውቅም። የትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ውስጥ ዕድሜ ልኳን ሳንድዊች ስትሸጥ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እየተቆጣች አሳድጋለች። ዛሬ ሽበት ያበቀሉት እንኳ ሲያዩዋት እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ።

ባሏ ክላይቭ ደግሞ ዝምተኛ ነበር። መኪና ፋብሪካ በር ሲገጥም ኖረ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ሲጋራው ሳንባውን ጨርሶት ስለነበር በኋላ ላይ አፍንጫው ላይ ቱቦ ሰክቶ ከወንበሩ የማይነሳ ሆነ። አየር የሚሰጠው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን ማሽን ነው። እሷ ትለፈልፋለች፣ እሱ አንገቱን ይነቀንቃል። ተዋደው ነው የኖሩት፤ ይህን ማንም አይክድም።

ሶላሩን ወደ መንገዱ ያመጣችው እሷ ናት። ማሽኑ ቀን ከሌት ስለሚሠራ የመብራቱ ወጪ ወገባቸውን ቆርጦት ነበርና፣ መጀመሪያ የራሷን ጣራ አስለበሰች። ከዚያ ጎረቤቶቿን በየበራቸው እየሄደች «ይሄ ሁሉ ፀሐይ ጣራችሁ ላይ በከንቱ ሲፈስ አያሳዝናችሁም?» ትላቸው ጀመር። ከምላሷ ለመገላገል ብለው ያስገጠሙም አይጠፉም። በመጨረሻ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር አብረቀረቀ። እሷ ግን ያኔም አልተወቻቸውም። እዚያ መንገድ ላይ ልብስ የሚታጠበው ቀትር ላይ ነው፣ ፀሐይዋ ስትበረታ። አመሻሽ ላይ ማጠቢያ ማሽን ያስነሳ ሰው ስድቡን ይጠጣል። ፊት ለፊቷ የሚኖረው ዴስ፣ ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከሩቅ ሲያያት «የፀሐይ ሹሟ መጣች፣ ካልሲያችሁን አውልቁ» ይል ነበር።

ክላይቭን የምታየው ነርስ አንድ ቀን የኦክስጅን ሲሊንደር ጭና መጣች።

«መብራት ቢሄድ መጠባበቂያ ይሁናችሁ» አለች።

«ጣራዬን አላየሽውም እንዴ የኔ እመቤት?» አለች ሞይራ። «መብራት ቢሄድ የሚቸገረው ሶላር የሌለው ነው። ሂጂ ለእነሱ ስጪ።»

ነርሷ ወደ ክላይቭ ዞረች። «እኔን ምን ታዪኛለሽ? አለቃዬን ጠይቂ» አላት እየሳቀ።

ነርሷ ሲሊንደሩን ይዛ ተመለሰች። ሞይራ ለሌላው አዝና ነው። ኩራትም ነበረበት፣ ምን ይደበቃል።

ጥር ላይ፣ በዚያ አገር በጋው በሚከርርበት ወር፣ ያ ሙቀት መጣ። አስፋልቱ ጫማ ይዞ አልለቅም ያለበት፣ ወፎቹ አፋቸውን ከፍተው ጥላ ሥር የተቀመጡበት ቀን ነው። ከሰሜን የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ቀትር ላይ ትልቅ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ሽቦው ላይ ጣለውና መንገዱ በሙሉ መብራት ሄደበት። ማራገቢያው ቆመ። የክላይቭ ማሽን ጮኸና ዝም አለ።

ሞይራ አልደነገጠችም። «ትንሽ ታገስ፣ አሁን የኛው ይነሳል» አለችውና በመጽሔት ታራግበው ጀመር። ውጭ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ጠበቀች። ሲቆይባት ወጥታ ግድግዳው ላይ ያለውን የሶላር ሳጥን አየችው፤ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ስትመለስ የክላይቭ ከንፈር ጠቁሯል። አምቡላንስ ጠራች። እንመጣለን፣ ግን ዛሬ በሙቀቱ ብዙ ሰው ወድቋል አሏት። ያኔ ዴስን ተጣራች።

«ሳጥኑ ተበላሽቷል ዴስ። ቶሎ በል አስነሳልኝ።»

«አልተበላሸም ሞይራ። መብራት ሲሄድ ሶላሩም አብሮ ይጠፋል።»

«ምን ማለትህ ነው? የገዛ ጣራዬ አይደለም እንዴ!»

«ወደ መንገዱ ሽቦ ኤሌክትሪክ ከላከ ሊጠግን የወጣውን ሰው ይገድለዋል። ለዚያ ነው ራሱን የሚያጠፋው። ባትሪ ከሌለሽ አይሠራም። ሲገጥሙልሽ ነግረውሽ ነበር እኮ፤ እኔም ቆሜ ነበር።»

ነግረዋት ይሆናል። እሷ ያን ቀን ጽጌረዳዬን ረገጣችሁብኝ እያለች ከሠራተኞቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ነበር የዋለችው።

«መጠባበቂያ ሲሊንደሩስ የት አለ?» አላት ዴስ።

ዴስ ፊቷን አየና መኪናውን ሊያመጣ ሮጠ።

ክላይቭ እጇን ያዘ። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ የሆነ ነገር ሊላት ፈልጓል። ጆሮዋን አስጠጋች። ያን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ አንድም ቀን አስጨርሳው አታውቅም፤ አሁን ዝም ብላ ጠበቀችው። ትንፋሹ ግን ለቃል አልበቃ አለ። ዴስ ሲመለስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ደርሰው ክላይቭን አልጋው ላይ አስተኝተው፣ አንሶላ አልብሰው ሄዱ። ዴስ ጓዳ ተቀምጦ ያለቅሳል። ሞይራ እንባ እንኳ አልመጣላትም። ቤቱ ሲጠባት ወጥታ መንገዱ ዳር ቆመች። የመብራት ሽቦውን የሚጠግኑት ሠራተኞች መጥተዋል። አንዱ ወጣት ምሰሶው ላይ ሆኖ ሲሠራ ቆየና፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ወረደ።

«ይቅርታ እማማ፣ በዚህ ሙቀት አስጠበቅንዎት» አላት።

«እዚያ ላይ አትፈራም?»

«እፈራለሁ እንጂ። ይሄው ጣራው ሁሉ ሶላር ነው፤ በራሱ ባይጠፋ ኖሮ ዛሬ ተቃጥዬ ነበር።»

አየችው። አንገቱን ፀሐይ ልጦታል። ልትጠላው ፈለገች፣ በእውነት ፈለገች፤ ግን ሳንድዊች ስትሸጥላቸው ከነበሩት ልጆች አንዱን መሰላት።

«እንኳን ጠፋልህ ልጄ» አለችው።

«በሉ ይግቡ፤ መብራት መጥቷል። የፈለጉትን ያብሩ።»

ገባች። ማሽኑ ራሱ ተነስቶ ባዶው ወንበር አጠገብ ይሠራል። ቱቦውን ከወለሉ አነሳችው፤ አየሩ መዳፏ ላይ ነፈሰ። ልታጠፋው እጇን ሰደደች፣ አልቻለችም።