ኮሶው ሥር ያልጠበቅኩት ሰው

የሙስጠፋ መልእክት የደረሰኝ ከክሊኒክ ወጥቼ ማንጎው ጥላ ሥር ጫማዬን አውልቄ እንደተቀመጥኩ ነው። ጋምቤላ በዚያ ሰዓት ቅጠል አይነቃነቅም፤ ሰውም ከብቱም ጥላ ፈልጎ ዝም ይላል። ስልኬን ስከፍት ድምፁ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ የወያላ ጩኸት ጋር አብሮ መጣ።

«ሶሲ፣ የምሥራች!»

«ምሥር ብላ» አልኩ ለብቻዬ።

«ወንጪ ልንወጣ ነው፣ እንደ ድሮው። ጋሽ አበራ በመኪና ይከተሉናል፤ ጉልበታቸው ሞተር አልችልም ብሏል። ብሬም ሞተር ገዝቷል፣ ታምኛለሽ? ግን ኋላ አናደርገውም። ኋላ ካደረግነውማ መንገድ ስቶ አንቺ ጋ ጋምቤላ ይደርሳል።»

መልእክቱ የተላከው አራታችን ብቻ ባለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ብሬ፣ ማለትም ብርሃኑ፣ ከሥሩ ሦስት የሚስቁ ፊቶች አስቀምጧል። እኔ ግን አልሳቅኩም። ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈው ቀልድ ነው፤ ወላጁም እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ የምኖረውም ኮልፌ ከወላጆቼ ጋር። ወንድሜ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሲሄድ አሮጌ ሞተሩን ትቶልኝ ነበር። ቸርች ያሉ እናቶችን ከሞተሩ ይልቅ የከበዳቸው ሱሪው ስለነበር ከሱሪዬ ላይ ሰፊ ቀሚስ እደርብ ነበር። አስኮን ስናልፍ አወልቀውና ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ስንመለስ እዚያው እለብሰዋለሁ። አንድ ቀን እናቴ ቀሚሱን እያጠፈች «ያ ሁሉ የመንገድ ጭቃ ይቺን ልብስ እንዴት አይነካትም?» አለች፤ ከዚያ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

አራታችንን ያገናኘን አየር ጤና የነበረው የጋሽ አበራ ጋራዥ ነው። ጋሽ አበራ ያኔ አርባዎቹን አጋምሰው ነበር፤ የሞተር ድምፅ ሰምተው ሕመሙን የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሙስጠፋ ማዞሪያው ላይ ጨርቅ ይሸጣል፤ አፉ አያርፍም። ብርሃኑ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ አሥር ጥያቄ ጠይቀነው አንዱን ከመለሰልን ተመስገን ነው። ቅዳሜ ሲመች ተጠራርተን ወደ ተራራው እንወጣ ነበር። ለምን እንደምንወጣ የጠየቀን ሰው ቢኖር ደህና መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ብቻ ዳገት ላይ አራት ሞተር ተከታትሎ ሲጮህ፣ ብቻዬን አይደለሁም የሚል ነገር ደረቴ ውስጥ ይገባ ነበር።

ጋሽ አበራ አንድ ሕግ ነበረቻቸው። ሁሉም የኋላውን ይጠብቃል። መንገድ በተከፈለ ቁጥር የፊተኛው ይቆማል፤ የኋለኛው መጥቶ መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ ካላደረገለት አይነሳም። «መስታወት የተገጠመልህ ፀጉርህን እንድታይበት አይደለም» ይሉ ነበር ሙስጠፋን እያዩ። የመጨረሻው ሰው ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ሞተር ለተበላሸበት ሁሉ የሚደርስለት እሱ ነው። የመፍቻ ቁልፎቹና የጎማ መንፊያው ቦርሳ በእሱ ጀርባ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ኋላ የሚሆነው ከሁሉም የታመነው ነው፤ እሱም ብርሃኑ ነበር። ከብርሃኑ ፊት የምነዳው ደግሞ እኔ። ጠባቂው ማለት ነው።

መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። በአምቦ በኩል ወንጪ ወጥተን በወሊሶ ለመመለስ ተስማምተን ገና ወፍ ሲንጫጫ አስኮ ተገናኘን። እንደ ልማዳችን ሁሉም በየራሱ ጸለየ። ጋሽ አበራና ብርሃኑ አማተቡ፣ ሙስጠፋ ቢስሚላሂ አለ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ።

«አሜን በይ እንጂ ሶሲ» አለ ሙስጠፋ፤ «ነዳጁ አለቀ እኮ።»

በዚያ ሳምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም ነበር፣ ለሥራ ጉዳይ ጸሎት ይዤ። ሆለታ ስንደርስ ከዳቦ ቤት የሚወጣው ትኩስ ሽታ አስፋልቱን አቋርጦ መጣብን። ሦስቱ ዳቦ በእርጎ አዘዙ። እኔ ሞተሮቹን ልጠብቅ ብዬ ውጭ ቀረሁ።

«በኛ መንገደኛ አይጾምም» አለኝ ሙስጠፋ፣ እርጎ የነካውን ከንፈሩን እየጠረገ። «እግዚአብሔር ዳገቱን ያየዋል።»

«እኔንም ያየኛል» አልኩት።

አሁን ሳስበው መልሱ ትንሽ ኩራት ነበረበት። ጾም ደስ የሚያሰኘው ሌላው ሲበላ ነው የሚል ክፉ ሐሳብ ያን ቀን በውስጤ አልነበረም ብል እዋሻለሁ። አምቦም እነሱ ጥብስ ሲበሉ እንዲሁ ውጭ ተቀመጥኩ። ብርሃኑ ከሁሉም ዘግይቶ ወጣ፤ በእጁ ትንሽ ፌስታል ይዞ ነበር። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ከአምቦ በኋላ መንገዱ ያኔ አፈርና ድንጋይ ነበር። መጀመሪያ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ገብስ፣ ከዚያ እንሰት ያለበት ግቢ እየበዛ ይሄዳል፤ ብርዱም አብሮ ይወጣል። ስምንት ሰዓት ገደማ ዝናብ ጀመረ። ዝናቡ ሲያባራ ጉም ወረደብንና የሙስጠፋ የኋላ መብራት የበሰለ እንጆሪ መስሎ ርቆ ታየኝ። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ኮሶ ዛፍ አለ። የግራው ወደ መንደር ይወርዳል፣ የቀኙ ወደ ወንጪ ይወጣል። ሙስጠፋ እዚያ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረግኩለት፤ እጁን አንስቶ ሄደ። ተራው የእኔ ሆነ።

ቆምኩ። ጓንቴ ርሶ ነበር፤ ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣቶች ሆኑ። እየወረድኩ ጭቃውን ረገጥኩ፣ ሞተሩን ዞርኩት፣ መዝሙር ሞከርኩ፤ ጥርሴ ስለተንቀጫቀጨ ዜማው አልወጣም። ሆዴ ከባዶነት አልፎ ይቆርጠኝ ነበር። ከላይ ነፋሱ የጭስና የተጠበሰ ገብስ ሽታ አመጣ፤ ከዳገቱ ጫፍ ጋሽ አበራ የሚያውቁት ቤት እንዳለ፣ እሳት እንደሚጠብቀን ተነግሮናል። ብርሃኑ ግን አልመጣም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከታች በጉሙ ውስጥ አንድ መብራት ታየኝ። አንድ ብቻ። ብልጭ እስኪል ጠበቅኩ፤ አላለም። እሱ ነው አልኩ ለራሴ፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ከዚያ ያደረግኩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ጠብቀው» ብዬ ጸለይኩና ሞተሬን አስነስቼ ሄድኩ። ለእኔ የተሰጠኝን ጥበቃ ለእግዚአብሔር መልሼ ሰጠሁት። ጸሎት ይመስላል። አልነበረም።

እሳቱ ዘንድ ስደርስ ጋሽ አበራ ቀና አሉ።

«ብሬስ?»

«ከኋላዬ ነው።»

«አየሽው?»

«አየሁት» አልኩ።

ጎናቸው አስቀመጡኝና እጄን እሳቱ ላይ ዘረጋሁ። ገና ጣቶቼ ሳይፍታቱ የመኪና ድምፅ ሰማን። አንድ አይሱዙ እያቃሰተ ደረሰ፤ ከሁለቱ የፊት መብራቶቹ አንዱ ጠፍቷል። ያ አንድ ዓይና መኪና በፊታችን ሲቆም ከታች ያየሁት መብራት የማን እንደነበር ገባኝ። ሾፌሩ በመንገዱ ላይ ምንም ሞተር አላየሁም አለ። ያኔ መናገር እችል ነበር፤ ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ጋሽ አበራ ግን ተነስተው ሞተራቸው ላይ ወጥተዋል፤ እኔም ዝም ብዬ ተከተልኳቸው።

ብርሃኑን ያገኘነው በግራው መንገድ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ኮሶው ጋ ሲደርስ የቆመ ሰው ስላጣ፣ በጉሙ ከእግሩ ሥር አንድ የሞተር ዱካ ብቻ ወደ ታች ሲወርድ ታይቶት ያንን ተከተለ። የእኛ አልነበረም። ጭቃው አንሸራተተውና ሞተሩ እግሩ ላይ ወደቀ። አንድ ገበሬ ፈረሱን አስሮ ሞተሩን አንስቶለት ነበር፤ እግሩ ግን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተሰብሯል። ቀሚሴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቀደድኩትና በሁለት እንጨት መሐል አሰርንለት።

ጋሽ አበራ ሲፈሩ ይቆጣሉ። «መታጠፊያው ላይ ቆማ እየጠበቀችህ አንተ ወዴት ነው የምትወርደው? ዓይን የለህም?»

ብርሃኑ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ረጅም አልነበረም አስተያየቱ።

«ጉም ነበር ጋሽ አበራ። አላየኋትም» አለ።

እውነቱን ነው፤ አላየኝም። ያን ቀን ከሁለታችን እውነት የተናገረው አንዳችን ብቻ ነበር።

ከዚያ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ከተተና ፌስታሉን አወጣ። ዳቦና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ነበር፤ ዳቦው በዝናቡ ርሶ፣ በውድቀቱ ተጨፍልቋል። ከአምቦ ለእኔ ብሎ የያዘው ነው። ዳገቱ መሐል ከመንገዱ በታች ወድቆበት ሊያነሳው ተመልሶ ወርዶ ኖሯል፤ የዘገየውም፣ የአይሱዙው ሾፌር ያላየውም ለዚህ ነው።

«ዘጠኝ አልፏል» አለኝ። «ጾምሽን ፍቺ።»

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ በላሁት። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ የጣፈጠ፣ እንደዚያም ያነቀኝ ምግብ አላስታውስም።

በገበሬው ፈረስ እስከ ኮሶው አወጣነው፤ ከዚያ ያው አንድ ዓይና አይሱዙ ወደ አምቦ ሐኪም ቤት ይዞት ወረደ። ሦስት ወር አነከሰ። ሲመለስ ጋሽ አበራ የቁልፉን ቦርሳ ለሙስጠፋ ሰጡ፤ ብርሃኑን ከመሐል አደረጉት። በክፋት አልነበረም፤ ለእሱ ሠግተው ነው። ሙስጠፋም «ጠፊው» የምትለዋን ቀልድ ጀመረ፤ እሱም በክፋት አልነበረም። ብርሃኑ ሁለት ቅዳሜ መሐላችን ሆኖ መጣ። በሦስተኛው ሥራ አለብኝ አለ፤ ከዚያ ሞተሩን ሸጠ። ሰላምታችን አልተቋረጠም፤ ሰርጌ ላይ መብራቱን የዘረጋልኝ እሱ ነው። እኔም ብዙ ሳልቆይ ባሌን ተከትዬ ወደዚህ መጣሁ። ይህን ነገር ለእግዚአብሔር ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ለጋሽ አበራ ግን አንድም ቀን።

የሙስጠፋን መልእክት በሰማሁ ማግስት ለብርሃኑ ደወልኩ። የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ ገና ሳልጋመሰው አቋረጠኝ።

«አውቃለሁ ሶስና።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን። በፈረስ ስታወጡኝ ኮሶው ሥር ያለውን ጭቃ አየሁት። አንድ ጎማ ቆሞበት የነበረ ቦታ፣ ዙሪያውን እግር የፈጨው። ዱካው ወደ ላይ ሄዷል። ብዙ ጠብቀሽ ነበር እኮ። ጭቃው ይናገር ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር አንቺ ሁለተኛ አትመጪም ነበር። እኔ ግን እመጣለሁ ብዬ ነው።»

«ቀረህ እንጂ።»

«ቀረሁ» አለና ሳቀ፤ የብርሃኑን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። «ይኸው አሁን እየሄድኩ አይደል?»

ልጽፈው ነው ስለው «ተይው፣ ምን ያደርግልሻል» አለኝ። እሱን ሁልጊዜ እሰማዋለሁ፤ በዚህ ግን አልሰማውም። እዚህ ሙቀት ውስጥ ሆኜ የዚያን ቀን ብርድ ሳስብ ራሴን አልረግምም። ልጅ ነበርኩ፣ በርዶኝ ነበር፣ እርቦኝ ነበር። የሚቆጨኝ መሄዴ ሳይሆን እሳቱ ዘንድ የመለስኳት አንዲት ቃል ናት፤ የሰው ስም በላች። ቃል ደግሞ እንደ እግር በሦስት ወር አይድንም። ሆኖም ሁሉም በሕይወት አለን፤ ብርሃኑ ዳግም ሞተር ላይ ወጥቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ምሕረት እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ጋሽ አበራ፣ እርስዎንም ሙስጠፋንም የምለምናችሁ ይህን ነው። መንገዱ አስፋልት ሆኗል ይላሉ፤ ኮሶው ካልተቆረጠ ግን ታገኙታላችሁ። እዚያ ስትደርሱ ቁሙና ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ያኔ «አየሽው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር ጋሽ አበራ። አላየሁትም። ቦርሳውን ለብርሃኑ መልሱለት፤ ኋላ ይሁን፣ ቦታው ነው። ከእሱ ፊት የሚነዳው ደግሞ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቢበርደውም ቢርበውም ኮሶው ሥር ይቁም፤ ብሬ ሁለት ጊዜ ብልጭ ሳያደርግለት እንዳይነሳ።