መቶ ፊደል ለኮምባይነር ተራ

ጎባ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምሬ፣ ሮቤ ሥራ ያገኘሁ ሰው ነኝ። አብረውኝ የተማሩት ሁሉ አዲስ አበባ ሲቀሩ እኔ ብቻዬን ስመለስ እናቴ ደስ አላት፣ አባቴ ግን «ምን አጥፍተሽ ነው?» አለኝ። ምንም አላጠፋሁም። ዌብሳይት የሚሠራ ሰው የትም ተቀምጦ ይሠራል ብዬ አምን ነበር። ሮቤ ላይ መብራትና ኔትወርክ አብረው የሚመጡት ሲፈልጉ ብቻ መሆኑን ግን አላሰብኩበትም።

የቀጠረኝ በሲናና ዙሪያ ያሉ የገበሬ ማኅበራትን ያቀፈ አንድ ዩኒየን ነው። ውሌ የስድስት ወር ነበር። ሥራ አስኪያጁ አዳማ ላይ ሥልጠና ወስደው «ዲጂታል» የሚል ቃል ይዘው ስለመጡ ነበር የተቀጠርኩት። መጀመሪያ ያዘዙኝ ገጽ የራሳቸው ፎቶና የእሳቸው መልእክት ያለበት ነው፤ ቀጥሎ የድርጅቱ መዋቅር፣ ቀጥሎ ራእይና ተልእኮ። ፎቶው ብቻውን በስልክ እስኪከፈት አንድ ሰው ከአውቶቡስ መናኸሪያ ተነስቶ ቢሯችን ይደርስ ነበር። ለምኜ፣ ተከራክሬ አሳነስኩት። «የመታወቂያ ፎቶ አደረግሽኝ» እያሉ አንድ ሳምንት አኮረፉኝ።

እኔ ልቤ ያለው ዩኒየኑ ለማኅበራቱ በተራ የሚያከራየው ኮምባይነር፣ የስንዴ ማጨጃው መኪና ላይ ነበር። አጨዳ ሲቃረብ የየማኅበሩ ጸሐፊ ተራ ለመያዝ ሮቤ ድረስ ይመጣል፤ ከመናኸሪያ በጋሪ ወይ በባጃጅ ይደርስና ግቢያችን ውስጥ ሲጠብቅ ይውላል፣ ማን ቀደመ ማን ዘገየ እያለ ይጨቃጨቃል፣ አንዳንዴም ተራ ሳያገኝ አልጋ ይዞ ያድራል። ጸሐፊዎቹ ግን በዚያ ዓመት ሁሉም የሚነካ ስልክ ገዝተዋል። ኳስ ካዩበት ተራም ይያዙበት ብዬ አንዲት ትንሽ ገጽ ሠራሁ፤ የማኅበሩ ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ ከሥር ደግሞ መልእክት መጻፊያ ሳጥን።

ሥራ አስኪያጁ ገጿን አዩና «ጥሩ ነው፤ ግን ውልሽ እስኪያልቅ በዚህ ተራ የሚይዝ ሰው ካልተገኘ ሥራውን ለአዲስ አበባዎቹ እሰጣለሁ» አሉኝ። ዌብሳይት የሚሠራ አንድ የአዲስ አበባ ካምፓኒ የላከው የሥራ ማቅረቢያ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ ሽፋኑ ያብረቀርቃል። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ብቻ አይደለም ያስፈራኝ። ጠዋት ጠዋት ከጎባ በሚኒባስ ስወርድ ግራና ቀኝ ያለውን ገብስና ስንዴ እያየሁ፣ ከጎኔ ከተቀመጠው ሰው ጋር ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ እያወራሁ መሄድ እወድ ነበር። አዲስ አበባ ተመልሼ አንድ ክፍል ተከራይቼ መኖር አልፈለግኩም።

ስለዚህ ገጿን በደካማ ኔትወርክም እንድትከፈት እንደ ላባ አቀለልኳት። ስዕል የለም፣ ቀለም የለም። መልእክቱም ከመቶ ፊደል እንዳይበልጥ ገደብኩት፤ መቶ ሲሞላ የቀረውን ራሱ ይቆርጠዋል። «ኮምባይነር ለዚህን ያህል ሄክታር፣ በዚህ ሳምንት» ለማለት መቶ ፊደል ይተርፋል። ጸሐፊዎቹን አዳራሽ ሰብስቤ አሠለጠንኳቸው፤ እኔ እያነበብኩ እነሱ ጻፉ፣ ሁሉም በትክክል ደረሰኝ። በዚያ ቀን ከሥራ ስወጣ እያፏጨሁ ነበር።

ከዚያ መልእክቶች መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው እኛን፣ ልጆቹንና ከብቱን በኦሮምኛ ሰላም ብሎ ይጀምራል፤ «አካም ጂርቱ? ነጋ ዳ? ማቲን ነጋ? ሎን ነጋ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ጥሩ ነው። ሰብሉም ጥሩ ነው፣ ትንሽ ቢጫ ነገር ከማየታችን በ»። እዚያ ላይ አለቀ። ሁለተኛውም ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ጠይቆ ሰብሉ ላይ ሲደርስ ተቆረጠ። ሦስተኛው ከመቆረጡ በፊት የሥራ አስኪያጁን ልጆች ጤና ጠየቀ። በሁለት ሳምንት አሥራ ሰባት መልእክት ደረሰኝ፤ ኮምባይነር የሚል ቃል አንዱም ውስጥ የለም።

ለአንዱ ጸሐፊ ደወልኩ።

«ጻፍኩ እኮ! ሰባት ሄክታር፣ ቀኑንም ጽፌያለሁ» አለ።

«ተቆርጧል። ሰላምታውን ተወውና ጉዳዩን ብቻ ጻፍልኝ።»

ከልቡ ግራ ገብቶት፣ «ሰላም ሳልላችሁ? ምን አጣላን?» አለኝ።

ውሌ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የዩኒየኑ ሊቀመንበር ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቢሮ ብቅ አሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ስንዴ ሲዘሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ሆድ ብሶኝ ስለነበር መልእክቶቹን አትሜ ፊታቸው ዘረጋሁ።

«ይዩልኝ ሐጂ፣ አሥራ ሰባት መልእክት፣ አንድም ፍሬ ነገር የለበትም።»

መነጽራቸውን አጠለቁና አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። ሲያነቡ ለእያንዳንዱ ሰላምታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መልስ ይሰጣሉ፤ «ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ?» ይላሉ ለወረቀቱ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። ግማሽ ላይ ሲደርሱ መልስ መስጠቱን አቆሙ። ሦስት ወረቀት ለይተው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ።

«እነዚህ የየት ናቸው?»

የሦስቱንም ማኅበራት ስም ነገርኳቸው፤ ጎረቤታሞች ናቸው። «ግን ሐጂ፣ ሰላምታ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ኢንታላ ቲያ፣ ሰብላችንን ቢጫ እየመታው ነው እያሉሽ ነው» አሉኝ፣ አልተቆጡም፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሰው እንዴት ነህ ሲባል በእሪታ ይጀምራል? ምስጋናውን ያስቀድማል፤ ችግሩን ከሥር ነው የሚያስገባው።»

በጣም አፈርኩ። በዚሁ ነገር ውስጥ ያደግኩ ልጅ ነኝ። አባቴ ከተቀጠርኩ በኋላ ጎባ ሆስፒታል ተኝቶ ከቢሮ ስልክ ስደውልለት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግሬ ብቻ ትንሽ ነው» አለኝ፤ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁን አስፈቅጄ ሮጥኩ። ይህን የማውቅ ሰው ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ረሳሁት። እንግዳ በር ላይ ቆሞ ሲናገር ወሬውን ሳይጨርስ በሩን ዘጋሁበት፣ ቀጥሎ ደግሞ ምንም አልነገረኝም ብዬ ከሰስኩት።

ሐጂ ስልክ አነሱ። ከሰዓት በዩኒየኑ ፒካፕ የሰብል ባለሙያ ይዘን ወጣን፤ እኔም ከኋላ ተጭኜ። ባለሙያው ቅጠሉን በጣቱ ሲያሸው ጣቱ ቢጫ ዱቄት ነካው። ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ነው። ሁለት ቦታ በርትቷል፣ ሌላው ጋ ገና ጀማሪ ነው። መድኃኒቱ በማግስቱ ተጫነ፣ የዙሪያው ማኅበራትም በስልክ ተነገራቸው። አንዱ ማሳ ተጎዳ፤ የቀረው ስንዴ ዳነ።

እኔ ደግሞ በዚያው ቀን ማታ የመቶ ፊደሉን ገደብ አነሳሁ። በፊት ባዶ የነበረውን ሳጥንም ለሁለት ከፈልኩት፤ ከላይ «እንዴት ናችሁ? ዝናቡስ? ሰብሉስ?» የሚል፣ ከሥሩ «ኮምባይነር ለስንት ሄክታር፣ ለመቼ?» የሚል። ሥራ አስኪያጁ አይተው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ሰላምታ የሚጠይቅ ዌብሳይት የትም አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም። የተማርኩት ቅጹን አሳጥሪ፣ ሰውን አታድክሚ የሚለውን ነው። ሲናና ላይ ሰው የሚደክመው ሰላም ሳይሉት ሲቀሩ እንደሆነ ያስተማረኝ የለም።

በሳምንት ውስጥ ተራው ሞላ። የላይኛው ሳጥን ሁልጊዜ ከታችኛው ይረዝማል፤ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፣ አንዳንዱ ያስቀኛል፣ አንዳንዱ ለሰብል ባለሙያው ይተላለፋል። በዚያ ዓመት ግቢያችን ውስጥ በተራ የተጣላ ሰው አላየሁም። ይሁን እንጂ ስለ ውሌ የተናገረኝ የለም፤ የሚያብረቀርቀው ማቅረቢያም ከጠረጴዛው አልተነሳም።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። እቃዬን በካርቶን ከትቼ ተቀምጫለሁ። ሥራ አስኪያጁ በእጃቸው የታሸገ ፖስታ ይዘው ገቡ። ከተቀጠርኩ ጀምሮ ቢሮዬ ሲገቡ የመጀመሪያ ቃላቸው «የት ደረሰ?» ነበር። ያን ቀን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ዓይኔ ፖስታው ላይ ነው።

«አባትሽስ? እግሩ ተሻለው?»

«ተሽሎታል።»

«እናትሽ ደህና ናት? ጎባ ዛሬ በረደ?»

«በርዷል።» «አንዴ ይስጡኝና ልገላገል» የሚለው አፌ ላይ ደርሷል።

«ሚኒባሱስ አላስቸገረሽም?»

ትንፋሼን ሰብሰብ አደረግኩና ስለ ሚኒባሱ በደንብ ነገርኳቸው። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሦስቴ እንደቆመ፣ አንዲት ሴትዮ ሁለት ዶሮ ይዛ እንደገባች ሁሉንም። ቀጥዬም «እርስዎስ? ልጆች ደህና ናቸው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በስድስት ወር ውስጥ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ትንሿ ልጃቸው ጉንፋን ይዟት ስትስል ማደሯን ነገሩኝ። «ይማርልን» አልኳቸው።

ከዚያ ፖስታውን ሰጡኝ። ቋሚ አድርገውኛል።